የአቡ ዶርካስ ሁለተኛው ግማሽ

ሌይማውሪ ዓሣ የምታበስልበት አዳራሽ ፖርት ቪላ በተባለች የደሴት ከተማ ውስጥ፣ ወደቡ ዳር፣ ከአትክልት ገበያው ጎን ነው። እያንዳንዷ ሴት የራሷ ምድጃ፣ የራሷ መስኮትና የራሷ ረጅም ጠረጴዛ አላት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም በየመስኮቱ አንገታቸውን እያወጡ ደንበኛ ይጣራሉ። የሌይማውሪ ድምፅ ቀጭን ነው። ጎረቤቷ ሩታ አንዴ ከጮኸች የሌይማውሪ ጥሪ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳ ገዛችና በጠመኔ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦

«ይህ ዓሣ ትናንት ባሕር ውስጥ ነበር። ዛሬ እዚህ ነው። ነገ ብትመጣ አታገኘውም።»

መጀመሪያ ቆመው ያነበቡት አቡ ዶርካስ ነበሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥብጣብ የበዛበት ሰፊ ቀሚስ የለበሱ፣ ከፓንዳነስ ቅጠል የተሠራ ቅርጫት በክንዳቸው ያንጠለጠሉ አሮጊት ናቸው። ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ማነው ይህን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ፊደል ተሳሳትኩ እንዴ?»

«ሦስት ቦታ።»

ሌይማውሪ አፈረች። እርጥብ ጨርቅ አንስታ ልታጠፋው ስትል እጇን ያዟት።

«ተዪው! ፊደሉን ማንም አስተማሪ ያርምልሻል። ‹ነገ ብትመጣ አታገኘውም› የሚለውን ግን ማንም አያስተምርሽም። ቁጭ በይና ሌላ ጻፊ።»

«ድስቴ ያርርብኛል እኮ!»

«ይረር። ዓሣ ሞልቷል።»

ሌይማውሪ አሮጊቷን ታውቃቸው ነበር። ሁለቱም ከአንድ መንደር፣ ከደሴቲቱ ሰሜን ዳርቻ ናቸው። ብቻ የምታውቃቸው ከሩቅ፣ እናቷ «እሳቸውን ሰላም ስትዪ ሰው እንዳያይሽ» ከሚሏቸው ሰዎች አንዷ አድርጋ ነው። አርባ ዓመት ያህል ሕፃናት አስተምረዋል። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ የአገሩ ሰው ሁሉ በሚግባባበት በቢስላማም፣ በመንደራቸው ቋንቋም ትንንሽ መጽሐፍ እየጻፉ፣ በፎቶ ኮፒ እያባዙ፣ ራሳቸው በሽቦ እያሰሩ፣ አውቶቡስ ውስጥ ለተሳፋሪ መሸጥ ጀመሩ። እስከዚያ ድረስ ማንም አልተከፋም። ሰው የተቆጣው አራተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የመንደር አለቃ የባሕሩን ዳርቻ ለባዕድ ያከራያል። አጥር ይታጠራል። ሸርጣን ሊለቅሙ የወረዱ ሴቶች አጥሩ ስር ቅርጫታቸውን ይዘው ይቆማሉ።

የመንደሩ አለቃ ካልሳው የባሕሩን ዳርቻ ለሰባ አምስት ዓመት አከራይተው አጥሩ ከታጠረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ የማንም ስም አልተጠራም፤ መጠራትም አላስፈለገው።

አቡ ዶርካስ ከቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ስማቸው ተሰረዘ። በመንደር ስብሰባ ላይም አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ‹የተያዘ› ሆነባቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ከቤታቸው የራሳቸውን በርጩማ ይዘው መጡ። መሐል ላይ አስቀምጠው ተቀመጡበት። ከዚያ ወዲያ አንድም ስብሰባ ቀርተው አያውቁም።

ሰሌዳውን በጻፈች ጊዜ ሌይማውሪ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ፈተናውን ስላላለፈች ትምህርት ቤቱ ‹በቃሽ› ብሎ ካሰናበታት ጀምሮ፣ ከዋጋና ከስልክ ቁጥር በስተቀር የጻፈችው ነገር አልነበረም። አቡ ዶርካስ ግን በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ የሎሚ ቅጠል ሻይ ያዛሉ፤ ደብተር ይገፉላታል።

«በቀን አንድ ገጽ። ትናንት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስለበላ ሰው ጻፊ።»

«አቡ፣ እኔ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት።»

«ማን ጠየቀሽ?»

‹አቡ› በዚያ አገር አያትም የልጅ ልጅም እርስ በርስ የሚጠራሩበት ስም ነው። ከሳምንት በኋላ አሮጊቷም መልሰው «አቡ» ይሏት ጀመር። የሥጋ ዘመድ ግን አልነበሩም።

ሲያርሙ ርኅራኄ የሚባል ነገር አያውቁም። አንድ ቀን ሌይማውሪ ስለ ጀምበር መጥለቂያ የጻፈችውን ግማሽ ገጽ በአንድ መስመር ሰረዙት።

«ምን አጠፋሁ? ያማረ ነው እኮ!»

«ያማረ ነው። ግን ያንቺ አይደለም፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ተውሰሽ ያመጣሽው ነው። እዚህ ታች ደግሞ ‹ሰውዬው የዓሣውን ዓይን መጀመሪያ በላ፣ ሚስቱ እያየችው መሆኑን ስላወቀ› ብለሻል። ይሄ ያንቺ ነው። ከዚህ ጀምሪ።»

ሩታ በመስኮቷ ታይ ነበር።

«ደራሲዋ!» ትላለች እየጮኸች፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ። «ሩዙን በእንግሊዝኛ ነው በፈረንሳይኛ የምትቀቅዪው? ቢስላማ እኮ የመንገድ ላይ ቋንቋ ነው፣ እህቴ። ቢስላማ መጽሐፍ ላይ ይጻፋል እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሌይማውሪ ደብተሩን ዘጋች። አቡ ዶርካስ ሻያቸውን አስቀመጡ።

«አሁን የሰደበችሽ በምን ቋንቋ ነው?»

«በቢስላማ።»

«ገባሽ?»

«በደንብ ነዋ!»

«እንግዲያው ለመጽሐፍም ይበቃል። ክፈቺው።»

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። አሥራ አንድ ደብተር ሞላ። ባሏ ጆሴ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ በኋላ ሚስቱ ስለ እሱ የጻፈችውን አንድ ገጽ አግኝቶ ካነበበ ወዲህ ግን ማጉረምረሙን ትቶ ጢሙን በየቀኑ መላጨት ጀመረ።

በአራተኛው ዓመት የአቡ ዶርካስ ስኳር በረታ። አንድ እግራቸው ተቆረጠ፤ ከመንደር መውጣት አልቻሉም። ሌይማውሪ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየሄደች የሳምንቱን ገጾች ታነብላቸዋለች። ተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጣሉ። የማይወዱት ቦታ ሲደርስ በጣታቸው አልጋውን ይመታሉ። አንድ ቅዳሜ ጣታቸው አንድም ጊዜ አልተነሣም። ሌይማውሪ አንቀላፍተው መሰላትና ማንበቧን አቆመች።

«ለምን አቆምሽ?» አሉ።

«ዛሬ አልመቱም ብዬ ነው።»

«የሚመታ አልነበረም።»

ከዚህ የበለጠ አላመሰገኗትም። የሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት አረፉ።

በዚያ አገር ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። አንባቢዋ ሌይማውሪ እንድትሆን የወሰኑት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዊሊ ናቸው። ለአሮጊቷ የቀረበ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ ወደዋት አልነበረም። ከቀብሩ ሰዓት በፊት የተተየበ ግማሽ ገጽ ሰጧት። ቆማ አነበበችው። ተወለዱ፣ ተጠመቁ፣ አስተማሩ፣ በእምነት አረፉ።

«ሽማግሌ፣ መጽሐፎቻቸውስ?»

«ምን መጽሐፍ?»

«የጻፏቸው ነዋ። ስድስት ናቸው።»

ዊሊ ወደ ሰማይ አዩ። «ጊዜ የለም። ዝናብ እየመጣ ነው።»

ሌይማውሪ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። እስክሪብቶዋን አውጥታም ቀብሩ እስኪጀመር ድረስ አራት ገጽ ጻፈች። ‹ጊዜ የለም› የሚለው ቃል ነው ያቃጠላት፤ ሰባ ስድስት ዓመት ኖረው፣ ለግማሹ ዕድሜያቸው ጊዜ ጠፋ!

መቃብሩ አፋፍ ላይ መንደሩ ሁሉ ቆሟል። አለቃ ካልሳው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሌይማውሪ የተሰጣትን ግማሽ ገጽ፣ አንዲት ቃል ሳታጎድል፣ እስከ መጨረሻው አነበበች። ሽማግሌ ዊሊ ተንፈስ አሉ።

«ይህ የመጀመሪያው ግማሽ ነው» አለች ሌይማውሪ። «አሁን ሁለተኛውን አነባለሁ።»

ደብተሯን ገለጠች። በቀጭን ድምፅዋ ማንበብ ጀመረች።

«ዶርካስ ካልታንግ መጽሐፍ ትጽፍ ነበር። የጻፈችውን እዚህ የቆምነው ሁላችን አንብበናል፤ አላነበብንም ያልነውም አንብበናል። ስለ አጥሩ በጻፈች ጊዜ ወንበር ከለከልናት። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ እኔም ጠጋ አላልኩላትም...»

አለቃው ብድግ አሉ። «በቃ!»

ዊሊ ለመዘምራኑ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። መዝሙር ተነሣ። አምስት አንቀጽ ያለው፣ ረጅም መዝሙር ነው። ሌይማውሪ ደብተሯን እንደገለጠች ጣቷን ያቆመችበት መስመር ላይ አድርጋ ቆመች። አንደኛው አንቀጽ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ካፊያው ጀመረ፤ ቀለሙ እንዳይፈስ ደብተሩን በደረቷ ከለለችው። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። አምስተኛው አለቀ።

«...እኔም ጠጋ አላልኩላትም» አለች ሌይማውሪ፣ «እሷ ግን በርጩማዋን ይዛ መጣች።»

ዊሊ እንደገና እጃቸውን አነሡ። የመዘምራኑ መሪ ኤቲ የምትባል፣ እንደ ግንድ የደነደነች ሴት ናት። ዊሊን አየቻቸው፤ ሌይማውሪን አየቻት፤ ከዚያ የመዝሙር መጽሐፏን ጠቅ አድርጋ ዘጋችው። ከኋላዋ ያሉትም አንድ በአንድ ዘጉ።

«ኤቲ!» አሉ ዊሊ።

«ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ሽማግሌ» አለች።

ሌይማውሪ በዝናብ ውስጥ አራት ገጽ አነበበች። ስድስቱንም መጽሐፍ በስማቸው ጠራች። ስትጨርስ ያጨበጨበ የለም፤ ቀብር ነው። ግን አንድም ሰው ከዝናቡ ሸሽቶ አልሄደም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የቅጣቱ ውሳኔ መጣ፤ አንድ አሳማና ሁለት ምንጣፍ፣ በአለቃው ላይ ድምፅ አሰምታለችና። ወንዶቹ የሚሸመግሉበት፣ ናካማል የሚባለው አዳራሽ ውስጥ ሴት ገብታ አትናገርም፤ ስለዚህ የእናቷ ወንድም፣ አጎቷ ካልመት፣ አሳማውን እየጎተቱ ገቡ። እሷ ምንጣፎቹን ተሸክማ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አጎቴ፣ አሳማውን እርስዎ ያስረክቡልኝ። ቃሉን ግን እኔ ነኝ የምናገር፤ ከደጅ ሆኜ።»

«ልጄ፣ አደራሽን፣ አታባብሺው» አሉ ካልመት ላባቸውን እየጠረጉ።

አለቃ ካልሳው ከውስጥ ሆነው፣ «ተጸጽቻለሁ በዪ፤ ነገሩ እዚህ ያልቃል» አሏት።

«አለቃ፣ በቀብር ላይ ሁከት ተፈጥሯል፤ እሱ ልክ አይደለም። አሳማው የሁከቱ ነው። ምንጣፎቹም የሁከቱ ናቸው። ላነበብኩት ቃል ግን ያመጣሁት ነገር የለም፤ እሱን አልመልስም።»

 አሳማው አጓራ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቅ አምልጦት በሳል ሸፈነው።

«እንግዲህ አሳማውን እንቀበል ወይስ አንቀበል?» ብሎ አንዱ ጠየቀ።

አለቃው፣ «አሳማው ምን አጠፋ፤ እሰሩት» አሉ።

ሌይማውሪ በዚያው ሳምንት ያነበበችውን አራት ገጽ ወደ ሠላሳ ገጽ አስፍታ ጻፈች። ርዕሱን «ሁለተኛው ግማሽ» አለችው። ሃያ ቅጂ አባዝታ፣ በሽቦ አስራ፣ ከሰሌዳዋ ሥር ደረደረችው። በማግሥቱ አንድ የመንደሩ ሰው መጣና ሃያውንም ጠቅልሎ ገዛ። ሩታ በመስኮቷ ሆና ዓይኗ ፈጠጠ።

«አንቺ! ያ እኮ የአለቃው የወንድም ልጅ ነው! ሰው እንዳያነበው ሊያቃጥለው ነው የገዛው!»

«አውቄዋለሁ» አለች ሌይማውሪ። «በገንዘቡ አርባ አሳትማለሁ።»

አርባ አሳተመች። ያ ሰው ድጋሚ አልመጣም። ሩታ ግን አንዱን ቅጂ «ለልጄ ነው» ብላ ወሰደች፤ ለሁለት ቀን ደንበኛ መጣራት ረስታ ምድጃዋ ሥር ተቀምጣ ስታነብ ታየች።

አጥሩ ዛሬም እንደቆመ ነው። መጽሐፍ አጥር አይነቅልም፤ ሌይማውሪም ይነቅላል ብላ ለማንም አላወራችም። ሴቶቹ ግን በየስብሰባው ስለ አጥሩ መጠየቅ ጀምረዋል፤ በርጩማም ይዘው ይመጣሉ።

ከዓመት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል አለቃ ካልሳው ራሳቸው አዳራሹ ውስጥ ገቡ። ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡና የሌይማውሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሩታ ጥሪዋን አቋረጠች። የኮኮናት ወተት የፈሰሰበት ዓሣና ጎደሬ አዘዙ። አቀረበችላቸው። ግማሹን ከበሉ በኋላ ከኪሳቸው የተጨማደደ መጽሐፍ አወጡ።

«ገጽ አሥራ ዘጠኝ» አሉ። «ውሉን ልፈርም ስሄድ እያነከስኩ ነበር ብለሻል። ውሸት ነው። ያኔ እግሬ ደህና ነበር። ማነከስ የጀመርኩት ባለፈው ዓመት ነው።»

ሌይማውሪ መጽሐፉን ተቀብላ ገጹን አነበበች። ልክ ነበሩ።

«እውነትዎን ነው፣ አለቃ። ይቅርታ። በሚቀጥለው ኅትመት አስተካክለዋለሁ።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ይቆያል።»

አለቃው ወደ ሳህናቸው አጎንብሰው የዓሣውን አጥንት ይለቅሙ ጀመር። ሌይማውሪ እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ላይ አወረደች፤ ‹እያነከሰ› የሚለውን ሰርዛ ከላዩ ‹ቀጥ ብሎ እየተራመደ› ብላ ጻፈች።