እናቴን ስንቴ እንዳረገዘች የጠየቋት ዶክተር

ሦስት ሰው ደውሎ ነገረኝ፤ አላመንኩም። የሰው ወሬ ነው ብዬ በቀጥታ እሳቸው ስልክ ላይ ደወልኩ። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ። «ዶክተር!» ልል ስል የሴት ልጃቸውን ለቅሶ ሰማሁ።

ዶክተር ሸዋንግዛው አረፉ። ይኸው እጄ ጻፈው፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። የሕፃናት ሐኪም ነበሩ፤ የጊሼ ሰው፣ ራቤል ተወልደው ያደጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት አንድ ነገር ነው፦ ያለ ወራቸው የሚወለዱ ልጆች ሳንባ። ለምን መተንፈስ እንደሚያቅታቸው፣ እንደኛ ባለ ብርዳም አገር በእጃችን ባለው ነገር እንዴት ልናተርፋቸው እንደምንችል። አዲስ አበባ ያስተምሩ ነበር፤ ፋታ ባገኙ ቁጥር ግን መሐል ሜዳ ሆስፒታል ነበሩ። እኔ እዚያ ነርስ ነኝ። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገና አዲስ ሳለሁ ነው ያገኘኋቸው።

የተዋወቅነው በቁጣ ነው። የአንድ ልጅ ትንፋሽ ሩብ ደቂቃ ቆጠርኩና በአራት አባዝቼ ጻፍኩ። ወረቀቱን አይተው «አንቺ ልጅ፣ ይኼ የዘመሮ ገበያ በግ ነው እንዴ በዓይን የምትገምቺው?» አሉኝ። ያለ ወሩ የመጣ ልጅ እኮ ይተነፍሳል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና የልጁን ደረት ገለጥ አደረጉት። «ረጋ ብለሽ እዪ፤ ደረቱ ራሱ ይነግርሻል።» ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠርን። ይቺን ንግግራቸውን ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደሰማኋት!

አንድ ዓመት በበጋ ለጥናታቸው ቤት ለቤት ዞርን። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስንት ልጅ ወለዱ? የሞተብዎትስ አለ? የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «ተመስገን፣ የሞተብኝ የለም።» ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። «እንግዲህ መንዝ ውስጥ ሕፃን አይሞትም፤ እኔም ጡረታ ልውጣ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙና ግንባራቸውን መቱ። «የጊሼ ልጅ ሆኜ እንዴት ይኼን ረሳሁት?»

እኛ ዘንድ ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ልጅ አይቆጠርም። ገና ደም ነው ይባላል። ጎረቤት ሳይሰማ ይቀበራል፤ ለቅሶ የለም፣ የሚያጽናና የለም። እናትየዋን «ዝም በይ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ይሏታል፤ እሷም ዝም ትላለች። ዶክተር ጥያቄውን ቀየሩት። ስንቴ አረገዙ?

በማግስቱ ተራው የኛ ቤት ሆነ። እኔማ ቀድሜ «አራት ነን፤ አራታችንም አለን» ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን እናቴን ጠየቋት።

«እትዬ ወርቄ፣ ስንቴ አረገዙ?»

እናቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየች «አምስቴ» አለች።

ቀስ እያለች ነገረችን። ከኔ በፊት ወንድ ልጅ ነበር። በሰባት ወሩ መጥቶ ሁለት ቀን ኖረ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ስትናገረው አልሰማሁም።

«እንዴት ነበር የሚተነፍሰው?» አሏት ቀስ ብለው።

እናቴ ድምፁን ራሷ አሰማችን። እህ… እህ… እህ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ አልረሳችውም። «እንዲህ እያለ ሲያቃስት፣ ሲያቃስት ሄደ። እኔ ነኝ። ገብስ አጨዳ ላይ ነበርኩ፣ ማሳው ላይ ወለድኩት። ብርድ አስመትቼ ገደልኩት።»

ዶክተር መነጽራቸውን አወለቁ። «እትዬ ወርቄ፣ እርስዎ አይደሉም። ሳንባው ሳይበስል ነው የመጣ። ቤትዎ ቢወልዱትም፣ ያን ጊዜ እኔ ራሴ አጠገብዎ ብኖርም አላተርፈውም ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት ይኼን ስማር ነውና ይመኑኝ።»

«ታዲያ ይኼን የሚነግረኝ ሰው እስከዛሬ የት ነበር?» አለች እናቴ። ቆይታ ደግሞ «ጻፋችሁት?» ብላ ጠየቀች።

«ጽፈነዋል።»

«ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል እንጂ!»

ዛሬ ክፍላችን ውስጥ እንደዚያ እያቃሰቱ የሚመጡ ልጆች በቀጭን ቱቦ አየር እየገባላቸው፣ የእናታቸው ደረት ላይ ተለጥፈው ይሰነብታሉ። ሁሉም አይተርፉም። ብዙዎቹ ግን እናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ይወጣሉ። ይኼን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

ዶክተር፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ስልኩን ዘጋችው። በኋላ ጎረቤታችን ደወለችልኝ፤ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች ነው አለችኝ። «ለዶክተሩ ነው ስንል፣ መሐል ላይ ደግሞ ልጄን፣ ልጄን ትላለች። የምን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወንድሜ ነው አልኳት።

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ መጥቷል ዶክተር። አብረዋት እያለቀሱ ነው። ደህና ይሁኑ፤ ዛሬ ዝም በይ ያላት ሰው የለም።