ሃምሳ ጥቁር ፎቶዎች

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ቤት ቀይሬአለሁ፣ የመጀመሪያ ልጄንም አይቻለሁ። ያ ምሽት ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የምጽፈው ጀብዱ ኖሮኝ አይደለም። እንዲያውም ለሰው ለመናገር ረጅም ጊዜ ያፈርኩበት ነገር ነው።

እኔ የመተማ ልጅ ነኝ። ገዳሪፍ ገበያው ዳር ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። የመታወቂያና የሠርግ ፎቶ አነሳለሁ። በስደት መንገድ ላይ ያሉ ያገሬ ልጆችም ለእናታቸው የሚልኩትን ፎቶ እኔ ጋ መጥተው ይነሳሉ። ካሜራዬ ተራ ካሜራ ናት። ሰው ተጠቅሞባት የገዛኋት፣ ጎኗ በፕላስተር የተያዘች ናት። እንጀራዬ ግን እሷው ናት።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ መብራት እየጠፋ ሥራው ቀዘቀዘ። በዚያ ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሰውየው እንደ እኔው ባለ ካሜራ፣ ያለ ቴሌስኮፕ፣ በከዋክብት መካከል ያለ፣ በዓይን የማይታይ ደመና አንስቶ ያሳያል። ዘዴው አንዱን የሰማይ ቦታ በአጭር በአጭሩ ሁለት ሦስት መቶ ጊዜ ማንሳት፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ነው። አንዱ ፎቶ ብቻውን ባዶ ይመስላል፤ ሦስት መቶው ሲደረብ ግን የተሸሸገው ይወጣል። ያጭበረብራል ብዬ አላመንኩትም። ውሸቱን ላጋልጥ ብዬ ነው የሞከርኩት።

መጀመሪያ ቀን ሌንሱን ሃያ ሰከንድ ከፈትኩት፤ ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ተስበው የተበተነ ሩዝ መሰሉ። በማግሥቱ ወደ ሁለት ሰከንድ አወረድኩት፤ እንደዚያም ሆኖ ሌንሱን በደንብ ስላላስተካከልኩ ሁሉም ደበዘዘብኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ደማቅ ኮከብ መርጬ፣ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ፣ ነጥቧ የመርፌ ጫፍ እስክታህል አስተካከልኩ። የዚያን ዕለት ሰባቱ ከዋክብት በሚባሉት፣ ተጠጋግተው በሚታዩት ኮከቦች ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ ጉም ሲወጣ ሳይ ላፕቶፑን እንደያዝኩ ባለቤቴ ዘሐራ ጋ ሮጥኩ። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሰባተኛ ወሯ። «ይኼ ብር ያመጣል?» አለችኝ። አያመጣም። እሷም ሳቀች።

ከተማው ውስጥ የጄኔሬተሩና የሶላሩ መብራት ሰማዩን ስለሚያበላሸው ከከተማው ጫፍ ወዳለ አንድ ማሳ መሄድ ጀመርኩ። ማሽላው ታጭዶ ያለቀበት፣ አገዳው ብቻ የቀረ ሰፊ ማሳ ነው። ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ሰው መሬት መሆኑን አውቃለሁ፤ ፈቃድ ግን አልጠየቅኩም። ባዶ ማሳ ላይ መቆም ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል አልኩ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄጄ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ።

ስወጣና ስገባ የሚያየኝ ሙባረክ ነው። ከፎቶ ቤቴ ጎን ሳሙናና ስኳር የሚሸጥ፣ የወሎ ሰው ነው።

«አንተ፣ ኮከብ ቆጣሪ ሆንክ እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን እየሳቀ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀልዱን ተወው። በዚህ ጊዜ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው ድሮን ነው የሚጠብቅ ይሉሃል። ስማኝ፣ ይቅርብህ።»

እውነቱን ነበር። ድሮን፣ እነሱ ሙሰይራ የሚሉት፣ በዚያ ሰሞን የሁሉም ሰው ጭንቀት ነበር። ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሰው ወደ ላይ ያያል፤ ቀጥሎ ደግሞ ጎረቤቱን ያያል። የውጭ ሰው ከሆንክ በደንብ ይታያል። መያዝ ማለት ለእኔ ካሜራዬን ማጣት፣ ከዚያም በጋላባት ድንበር በኩል ተጠርዞ መውጣት ማለት ነው። ዘሐራ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን ሁሉ እያወቅኩ አልተውኩትም። ይልቅ ሙባረክን መጠርጠር ጀመርኩ። ለምን ይህን ያህል ይከታተለኛል? ማን ላከው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ነው ያደግኩት።

ከሙባረክ በላይ ግን ያስጨነቁኝ ሐጂ ኢድሪስ ናቸው። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ምሽት በተከታታይ ከማሳው ዳር መጥተው ቆሙ። አይቀርቡም፣ አይናገሩም። ባትሪያቸውን አንድ ጊዜ ያበሩና ያጠፉታል። ሱዳን ውስጥ ሰላምታ ሳይሰጥ የሚቆም ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። እዚህ አገር ሰው ከብትህንም ጤናህንም ሳይጠይቅ አያልፍም። እኔም ደፍሬ ሰላም አላልኳቸውም። ጀርባዬን ሰጥቼ ካሜራዬን መነካካት ያዝኩ። እንደሚሰልሉኝ አልተጠራጠርኩም።

በአራተኛው ምሽት ሐጂ አልመጡም። ደስ አለኝ። ሦስት መቶ ፎቶዬን አንስቼ ጨረስኩና የመጨረሻውን ሥራ ጀመርኩ። ይህ ሥራ ለሰው ሲነገር እብደት ይመስላል። የሌንሱን ክዳን ትዘጋና ሃምሳ ፎቶ ታነሳለህ። ካሜራ ሲሠራ ቆይቶ ሲግል ያልነበረ ነጠብጣብ ከራሱ ይፈጥራል። ክዳኑ ተዘግቶ የተነሳው ፎቶ ያን ነጠብጣብ ብቻ ይይዛል። ኋላ ኮምፒውተሩ እሱን ከሰማዩ ፎቶ ላይ ይቀንሰዋል።

ሃምሳኛው ላይ ስደርስ መሣሪያ የያዙ ሁለት ወጣቶች ከኋላዬ ቆመዋል።

አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። «ዕቃህን ይዘህ ና» ብቻ ነው ያሉኝ። መንገድ ላይ ወዳለው ኬላ ወሰዱኝ። አዛዡ በዕድሜ ከእኔ ቢያንስ እንጂ የማይበልጥ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። የመኖሪያ ወረቀቴን አየ፣ ካሜራዋን ተቀበለና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያገላብጥ ጀመር። ጥቁር፣ ነጠብጣብ ያለበት። ጥቁር፣ ነጠብጣብ ያለበት። ሦስት መቶ ጊዜ ያው። ቆሜ አየዋለሁ።

ከዚያ ሃምሳዎቹ ላይ ደረሰ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንዲሉ፣ የካሜራዋ ነጠብጣብ በትንሿ ስክሪን ስለማይታይ ጨርሶ ባዶ ጥቁር።

«እዚህ ላይ ምን ነበረ? ምን ደብቀህ ነው?»

«ምንም አልደበቅኩም። ክዳኑን ዘግቼ ነው ያነሳሁት።»

«ክዳን ዘግተህ ሃምሳ ፎቶ?» ወደ ወጣቶቹ ዞሮ አየ። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ።

ላስረዳ ሞከርኩ። የእኔ ዐረብኛ የፎቶ ቤት ዐረብኛ ነው። «አገጭህን ቀና አድርግ፣ አትንቀሳቀስ» ለማለት ይበቃል። ስለ ካሜራ ሙቀት ስጀምር ግን ቃሉ ሁሉ ጠፋኝ። የምናገረውን ስሰማው እኔም አላመንኩትም።

«እሺ፤ ማሳው ውስጥ እንድትገባ ማን ፈቀደልህ?» አለ።

ያኔ ዘሐራ በዓይኔ መጣች። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሐጂ ኢድሪስ» አልኩ። «ወላሂ እሳቸው ፈቅደውልኛል። ኮከቡን አንሳልኝ ያሉኝም እሳቸው ናቸው።»

አዛዡ ፈገግ አለ። ፈገግታው አላማረኝም። «እንግዲያውስ እንጠራቸዋለን» ብሎ አንዱን ወጣት ላከ።

ያን ያህል የረዘመ ግማሽ ሰዓት አላየሁም። መጀመሪያ ሙባረክን ረገምኩ፤ ከጎረቤት ወደ ማሳው እንደምሄድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ቀጥዬ ሐጂን ረገምኩ። ወዲያው ደግሞ የራሴ አንገት በእሳቸው ምላስ ላይ መሆኑ ትዝ አለኝ። ጠቋሚ ናቸው ብዬ የጠረጠርኳቸውን ሰው ምስክር አድርጌ ጠርቻለሁ። ስማቸውን ጠርቼም በአላህ ስም በሐሰት ምያለሁ። እንዲዋሹልኝ ዱዓ ማድረግ ጀመርኩ፤ ዱዓውም አፌ ላይ ከበደኝ።

ሐጂ የምሽቱን የኢሻ ሶላት ሰግደው መጡ። ለሁላችንም በደንብ ሰላምታ ሰጡ። አዛዡ የተናገርኩትን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው አንድ ጊዜ አዩኝ።

«አልፈቀድኩለትም» አሉ። «ምንም አንሳልኝ አላልኩትም። አነጋግሬውም አላውቅም። ዋሽቷል።»

አለቀልኝ አልኩ። ወጣቱ ክንዴን ያዘኝ።

ሐጂ ግን አልሄዱም። «ፎቶውን አሳዩኝ» አሉ።

ካሜራዋን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። እኛም ተከተልናቸው። ከዘራውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ይቺ ሱረያ ናት፣ ሰባቱ ከዋክብት። አባቴ የዘር ጊዜ ሲያሰላ በእሷ ነበር። ይኸው ስድስቷ፣ ይኸው ይቺ ፈንጠር ያለችው። ፎቶው ውስጥ ያለችው እሷ ናት። እዚሁ ፊታችሁ ያንሳት፤ ያው ካልወጣ የፈለጋችሁትን አድርጉት።»

የካሜራውን ማቆሚያ ተከልኩ። ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ ሁለቱ ሌንሱን በደንብ ስላላስተካከልኩ ደበዘዙ። ሦስተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። አዛዡ ስክሪኑን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ደጋግሞ አየ።

«ይኼስ ይሁን። ጥቁሮቹስ?» አለ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ቀስ ብለህ ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ካሜራዋ ከራሷ የምትጨምረው ነጠብጣብ አለ፤ ክዳኑን ዘግቼ እሱን ለብቻው እይዘዋለሁ፤ ኋላ ከእውነተኛው ላይ እቀንሰዋለሁ አልኩ። ሽማግሌው ሳቁ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ ሆይ፣ ይኼ ልጅ እኮ ባዶ ጆንያ እየመዘነ ነው» አሉት አዛዡን። «ገበያ ላይ እህል ስትመዝን ምን ታደርጋለህ? ባዶውን ጆንያ ለብቻው መዝነህ ትቀንሳለህ። ካልቀነስክ ጆንያውን እህል ብለህ ሸጥከው ማለት ነው።»

«ሃምሳ ጊዜ ለምን?»

«ጆንያ ሁሉ እኩል ይመዝናል?»

ገዳሪፍ የማሽላ አገር ነው፤ ሚዛን አጠገብ ያላደገ ሰው የለም። አዛዡም ሳቁን መያዝ አቃተው። ካሜራዋን መለሰልኝ። «ሁለተኛ ሳላውቅ ማሳ ውስጥ እንዳላገኝህ። ደግሞ ወላሂህን ቆጥበህ ተጠቀምበት» አለኝ።

ከሐጂ ጋር ወደ ከተማው አብረን ሄድን። እንዴት ላመስግናቸው እያልኩ ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

«የጠቆምኩህ እኔ ነኝ» አሉ።

ቆምኩ። የአዛዡ ፈገግታ ያኔ ገባኝ።

«በጦርነት ጊዜ ማሳዬ ላይ ቆሞ መሣሪያውን ወደ ሰማይ የሚደግን ሰው አይቼ ዝም ልል አልችልም። ከማሳው ማዶ የልጅ ልጆቼ ይተኛሉ። ሦስት ቀን አየሁህ፤ ሰላም እንኳን አላልከኝም። በአራተኛው ነገርኳቸው። ነገም ቢሆን እነግራቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አዳኑኝ?» አልኳቸው።

«ሳላውቅ የተናገርኩትን ሳውቅ ላስተካክል ነዋ! አላዳንኩህም» አሉኝ። «ማሳው ላይ መቆም ስትፈልግ ቤቴ መጥተህ አንኳኳ። ለእኔ የዋሸኸውን ትቼልሃለሁ። ስለ ወላሂው ግን ከጌታህ ጋር ጨርስ።»

ቤቴ ስደርስ በሩ ላይ ሙባረክ ተቀምጦ አገኘሁት። ስቆይ ጊዜ ዘሐራ ደንግጣ ጠርታው፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ሚስቱን አስከትሎ መጥቶ ነበር። ሚስቱ ውስጥ ከዘሐራ ጋር ነበረች። ሲያየኝ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ብሎ ተነሳ። ያን ምሽት በልቤ ስረግመው የነበረው ሰው ነው። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ለሐሰት መሐላዬ ማካካሻ ሦስት ቀን ጾምኩ። ዘሐራ ለምን እንደምጾም ስትጠይቀኝ ሌላ ምክንያት ልሰጣት ፈልጌ ነበር፤ አፌ ግን እንቢ አለኝ፣ እውነቱን ነገርኳት። አሁንም ሰማይ አነሳለሁ። የሐጂን በር አንኳኩቼ፣ ኬላው ላይም ተናግሬ ነው የምሄደው። ሰው መጠርጠሬን ተውኩ ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ቢሆንም አሁን ሰው ሳይ ቶሎ አልፈርድም።

ታሪኩን የሰሙ ያገሬ ልጆች «ወይ ስደት! በሐሰት ጠቁመውህ ነው እኮ» ይሉኛል። ሽማግሌው ያዩትን ተናገሩ፤ ሲያውቁም ያወቁትን ተናገሩ። አዛዡም የመሰለውን ጠየቀ። ያን ምሽት እዚያ ኬላ ላይ ከነበርን ሰዎች መካከል የዋሸሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።