የባለቦላሌዋ እግር

ክሩን ያን ቀን አጥብቄ ነበር ያሰርኩት ወይስ ክሩ ባለበት ቆሞ እግሩ ነው የወፈረበት? እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱንም እንደየሰሞኑ አምኛለሁ። ራሴን ደኅና ሰው አድርጌ በማይበት ሳምንት እግሩ ወፈረ እላለሁ። በሌላው ሳምንት የገዛ ጣቶቼ ክሩን ሲስቡት ይታየኛል።

እግሩ የዶሮ ነው። የምኖርበት ግቢ ከፒያሳ ጀርባ ነው፤ ግራ ቀኙ ፈርሶ እሱ ብቻ ለምን እንደቀረ እስካሁን በደብዳቤ ያሳወቀን የለም። ስድስት ቤት ነን፣ ቧንቧችን አንድ ነው፤ ዶሮዎቻችን ደግሞ የማን እንደሆኑ ራሳቸውም አያውቁትም። እንቁላል በተገኘ ቁጥር ሦስት ባለቤት ይነሳ ነበር። የዶሮ እግር ላይ ክር አስሮ ምልክት ማድረግ የቆየ ነገር ነው፤ እኔ የጨመርኩበት ሥርዓት ብቻ ነው። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ምልክት የሌለው ነገር ያመኛል። ለእያንዳንዱ ቤት የሹራብ ክር በየቀለሙ መደብኩ፣ ዝርዝሩን ጽፌ ከቧንቧው በላይ ለጠፍኩ፣ ክሮቹንም በእጄ አሰርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳውን ካለፍኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሥርዓት ይወዳል። ግቢው «መዝገቧ» ይለኛል፤ ስድብም ሙገሳም ነው።

በሚያዝያ ጋሼ ከሱሉልታ አንዲት ቄብ በካርቶን ይዘው መጡ። ጋሼ ከአንድ መሥሪያ ቤት በኃላፊነት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታውን ኃላፊነታቸው ገና አልሰማም። የቄቧ እግር እስከ ጣቶቿ ድረስ ላባ ለብሷል፤ ስትራመድ የድሮ ጎረምሳ ቦላሌ ሱሪውን የሚጎትት ይመስላል። ግቢው በዚያው ዕለት «ባለቦላሌዋ» አላት። እኔም በዚያው ዕለት ቀዩን ክር አሰርኩላት። ላባው ወርዶ ሸፈነው። የሌሎቹ ዶሮዎች ክር ሁሉም ስለሚታይ ሲላላ አጥብቄ፣ ሲጠብ ፈትቼ እለውጥ ነበር። የሷን ረሳሁት። የረሳሁት ስላልታየኝ ነው፤ መዝገብ ቤት ይህን ምክንያት አይቀበልም።

በፊታችን ያለው ቤት የእትዬ ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው ግን ያልሞተ ሴት ናቸው። አንድ ቀን በራቸው ላይ በርበሬ ሲቀነጥሱ ባለቦላሌዋ ፊት ለፊታቸው አለፈች።

«ይቺማ ከኔ የተሻለ ለብሳለች» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ጋሼም ሳቁ።

ሐምሌ ገባ፣ ጭቃውም መጣ። የባለቦላሌዋ ላባ የግቢውን ጭቃ እየሰበሰበ በጣቶቿ መሀል እንደ ድንጋይ ጓጎለ። ከዚያ ማነከስ ጀመረች። ቀጥሎም አንዱን እግሯን ሰቅላ ቆመች። ጋሼ ስብሰባ ጠሩ።

«ጉዳዩ በጥልቀት መታየት አለበት» አሉ።

በጥልቀት ታየ። አንዱ ብርድ ነው አለ። ሌላው የሲሚንቶው ግቢ ጅማቷን ሰብሮት ነው አለ። አንዱ ደግሞ የሱሉልታ ዶሮ የፒያሳ ውኃ አይስማማትም አለ፤ ውኃው ለኛም እንደማይስማማን ማንም አላነሳም። ላባውን ገልጦ ያየ ግን አልነበረም። ጋሼ የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ።

«እግሯን አይታችሁታል?» አለ ሻጩ።

«እንዴት አናየውም» አሉ ጋሼ። «በየቀኑ እኮ ነው የምናየው።»

ሻጩ የእግር እከክ ሊሆን ይችላል ብሎ ቅባት ሰጣቸው። ጋሼ ቅባቱን በላባው ላይ ቀቡት፤ ላባው አማረበት።

ቅባቱ እንቢ ሲል ነገሩ ወደ ሰው ዞረ። የጥግ ቤቷ ወጣት እናት ናት የጀመረችው፤ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት።

«እኔ እንኳ ምንም አላልኩም» አለች። ይህን ያለ ሰው ሁልጊዜ የሚለው አለው። «ግን እትዬ ያን ቀን ‹ከኔ የተሻለ ለብሳለች› ሲሉ ‹ማርያም ትጠብቃት› ብለዋል?»

ከሦስት ወር በፊት የተባለ ነገር ነው። የግቢያችን ትውስታ ግን ከኔ መዝገብ ቤት ይበልጣል፤ ያልተባለውን ሁሉ ከነቀኑ ያስቀምጣል። አለማለታቸው ተረጋገጠ። ዓይን በልቷታል ተባለ።

እኔ በዓይን አላምንም፤ በታተመ ነገር ነው የማምነው። አራት ኪሎ ከአሮጌ መጽሐፍ ዘርጊዎች አንድ የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ገዛሁ። እግራቸው ላባ የለበሰ ዶሮዎች ሕመማቸው ከላባው ሥር ስለሚደበቅ ዘወትር ገልጦ ማየት፣ የደረቀ ጭቃም ሲሆን ሳይጎትቱ በለብታ ውኃ ማላቀቅ እንደሚገባ ይናገራል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ በእርሳስ አሰመርኩበት፣ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ከመደርደሪያው እስከ ዶሮዋ አሥር እርምጃ ነው፤ አራት ቀን ፈጀብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ጠበል ሊያመጡ ሲሄዱ ዶሮዋን ለኔ ትተዋት ሄዱ። ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውኃ አድርጌ እግሯን ነከርኩት። ጭቃው ቀስ እያለ ለቀቀ። ላባውን ስገልጠው ከቅርፊቱ በላይ ቀይ ነገር አየሁ። ደም መሰለኝ። ክሩ ነበር፤ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ፣ ከበላዩ ያበጠው እግር ሊውጠው ደርሶ ነበር። በጥፍር መቀስ ቆረጥኩት፣ ቁስሉን አጠብኩ፣ ላባውን መልሼ አለበስኩት። ክሩን ኪሴ ከተትኩት።

ጋሼ መጡ። «ጭቃ ነበረባት፤ አጠብኩላት» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። እኔ እንዲህ ያለ እውነት የሚያስፈልገኝ ሰው መሆኔን እስከዚያ አላውቅም ነበር።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉና ጠበሉን ሦስት ጊዜ ረጯት።

በአራተኛው ቀን ባለቦላሌዋ እግሯን መሬት አስነካች። በሳምንቱ ሮጠች። ግቢው ከዚህ ያወጣው ድምዳሜ የሚያስደንቅ ነው፤ ጠበል ካዳናት ዓይን ነበር ማለት ነው፤ ዓይን ከነበረ ደግሞ ዓይኑ ባለቤት አለው። መቀሴ በእትዬ ላይ ፈረደ።

መጀመሪያ ወጣቷ እናት እሳቸው ሲያልፉ የልጇን ፊት በነጠላ ሸፈነች። ከዚያ ሰው ሁሉ ድስቱን መክደን ጀመረ። እትዬ ቧንቧው ጋ የሚመጡት ሰው በሌለበት ሰዓት ሆነ። ሲያወሩኝም ወለሉን እያዩ ነው። እኔ ክሩን መጽሐፉ ውስጥ፣ ካሰመርኩበት ገጽ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ልናገር ብዬ ስንት ጊዜ ተነሳሁ። ግን የሰው ማመልከቻ ላይ የጎደለች ነጠላ ሰረዝ የማርም ሴት «የሰው ዶሮ አንካሳ ላደርግ ነበር» ብላ እንዴት ትጀምራለች? አረፍተ ነገሩን እያረምኩ ነሐሴን፣ መስከረምን፣ ጥቅምትን ጨረስኩ።

በኅዳር የግቢያችን የማርያም ማኅበር ተራ የእትዬ ነበር። የተራውን ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ጋሼ ናቸው። ሳምንት ሲቀረው ጠሩኝ።

«እሷን ዝለያትና ወደሚቀጥለው እለፊ።»

«እትዬን ጠይቀዋቸዋል?»

«ምን ይጠየቃል? ደክሟታል፣ ትረፍ። ደግሞም ሰው እሷ ቤት አይበላም።»

«ሰው ማነው ጋሼ?»

«ሰው ነዋ።»

ደብተሩን ከፈትኩ። ስማቸው በኔ ጽሕፈት፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እስኪርቢቶዬን አወጣሁ፤ መልሼ ከደንኩት። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩ።

እትዬ የጠላ ጥንስስ ጥለው እንስራ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። የሚመጣላቸው ሰው ይኑር አይኑር ሳያውቁ ለስድስት ቤት ጠንስሰዋል። ክሩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው?»

«የባለቦላሌዋ ክር ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነው ያነከሰችው። የቆረጥኩትም እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ሐምሌ።»

«አሁን እኮ ኅዳር ነው።»

«አዎ።»

ክሩን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

«እኔ አምኜ ነበር» አሉ። «የልጅ ልጄ ሲመጣ ፊቱን አላይም፤ ጫማውን ነው የማየው። ቁጥሩ ስንት እንደደረሰ ጠይቂኝ።»

እርማት የማይገባው አረፍተ ነገር ነበር።

«ለኔ ብቻ ነግረሽኝ ልትሄጂ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም» አልኩ። ነበር።

«እንግዲያው ነጠላዬን አቀብዪኝ።»

ጋሼ በራቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ባለቦላሌዋ እግራቸው ሥር ትጭራለች። እትዬ ፊታቸው ቆመው፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዶሮዋን ቀጥ ብለው አዩዋት።

«ደኅና ለብሳለች» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ማርያም ትጠብቃት» አሉ። «በይ ተናገሪ።»

ተናገርኩ። አጭር ነበር፤ ለአራት ወር ካረምኩት ውስጥ አንዱንም ቃል አልተጠቀምኩም። ወጣቷ እናት ልጇን እንደታቀፈች ከጥግ ቤቷ ብቅ አለች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ይሄ» አሉ፣ «በጥልቀት መታየት ያለበት ጉዳይ ነው።»

እትዬ ጎንበስ ብለው ዶሮዋን አነሱና በብብታቸው ያዟት። በአንድ እጃቸው እግሯን ስበው ላባውን ወደ ላይ ገለጡት። ጠባሳው እንደ ቀለበት እግሯን ዞሮታል።

«ይኸው» አሉ። «ይዩት።»

ጋሼ መነጽራቸውን ፍለጋ የኮታቸውን ኪስ ሁሉ መዳበስ ጀመሩ።