ዓርብ ቀትር የሚመጣው ሪፖርት

ያኔ የምሠራው እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ መሀል፣ ለድርጅቶች ድረ ገጽ በሚሠራ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነበር። ሥራዬ ሪፖርት ነው። በየድረ ገጹ ስንት ሰው ገባ፣ ከየትኛው ከተማ፣ የቱን ገጽ ከፈተ፣ ምን ያህል ቆየ። ሠንጠረዡን አወርዳለሁ፣ ኤክሴል ላይ እገለብጣለሁ፣ ርዕሱን ሰማያዊ እቀባለሁ፣ ለባለቤቱ እልካለሁ። በየሳምንቱ ያው ነው። ሽንብራ ስለቅም ብውል ይሻለኝ ነበር።

አለቃዬ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ አየኝና፣ "ለምን በእጅሽ ትለፊያለሽ? ኦቶማቲ አድርጊው፣ በራሱ ይሂድ" አለኝ። አደረግሁት። ከደንበኞቻችን አንዱ የእኛው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ነበር። ሊቀ መንበሩ የቅዳሜው ሰንበት ሳይገባ ማየት ስለሚወዱ፣ የማኅበሩ ሪፖርት ዓርብ ቀትር ላይ በራሱ እንዲላክ፣ ቅጂውም በስልኬ እንዲደርሰኝ አዘዝኩት። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው ይመጣ ጀመር።

አንድ ዓርብ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ወለል ስወለውል ስልኬ ጮኸ። ሪፖርቱ ነው። በሳምንቱ ከሁሉ በላይ የተነበበው ገጽ "የሀዘን መግለጫ" ይላል፤ ቀጥሎ የአጎቴ ስም ከነአባቱ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ ጎንደር ተቀምጦ የእስራኤል መግቢያ ፈቃድ፣ እኛ ኢሹር የምንለውን፣ ሲጠብቅ ያረጀ፣ ለእናቴ የቀራት አንድ ወንድም። ገጹን ከፈትኩት። እኛ የላክንለትን ኮት ለብሶ የተነሳው ፎቶ አለ። ከታች እንዲህ ተጽፏል፦ "ኔታንያ ላለችው እህቱና ለልጇ መርዶው እሑድ ማለዳ ይነገራል። እስከዚያ እንዳይሰሙ አደራ።"

ምስጢሩን ዓለም በሚያየው ቦታ ለጥፎ አደራ የሚል ከእኛ በቀር ማን አለ! እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እኔን ግን ረስተውኛል። ሪፖርቱን ወደ ታች ሳብኩት። ከአሽቀሎን፣ ከረሆቦት፣ ከጎንደር፣ ከዚሁ ከኔታንያም ሰው ገብቶ አንብቦታል። ለካ ሐሙስ ዕለት አውቶቡስ ውስጥ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ጎረቤታችን ተነስታ ወንበሯን የሰጠችኝ ለዚህ ኖሯል።

አላለቀስኩም። ወለሉን ጨረስኩ።

በእኛ ወግ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ማልደው ደርሰው ነው የሚያረዱት፤ የሚደግፍ ክንድ ሳይኖር ማንም ብቻውን አይሰማም። በሰንበትማ ጭራሽ ነውር ነው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ሰንበትን ከእናቴ ጋር ተቀመጥኩ። ጭንቀቴ ፊቴን አይታ እንዳታውቅብኝ ብቻ ነበር።

"ወንድሜ ኢሹሩ ወጥቶለት ሲመጣ ያንችን ክፍል ነው የምንሰጠው" አለች ምሳ ላይ። "አንች ሳሎን ትተኛለሽ።"

"እሺ እማ።"

"ብርድ አይችልም። ያን ወፍራሙን ብርድ ልብስ ታወጭለታለሽ።"

"እሺ።"

"ምነው ዛሬስ እሺ በዛ? አሞሻል?"

"ደክሞኝ ነው" አልኳት። ውስጤ ሲቀመጡበት እንደቆየ እግር ደንዝዞ ነበር። ሰንበት ሲወጣ ብርድ ልብሱን ከቁም ሳጥን አወጣሁት።

እሑድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ያችም ጎረቤታችን አለች። እናቴ ገና ሳይናገሩ አወቀች፤ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለደስታ የሚመጣ የለም። ወለሉ ላይ ወደቀች። ሁለት ሴቶች እንዳልወድቅ ክንዴን ግራና ቀኝ ያዙኝ። አልወደቅሁም። ዓይኔ ደረቅ እንደሆነ ቆምኩ። "ድንጋጤ ነው" ተባባሉ በላዬ። እናቴ ስትንቀጠቀጥ ያን ብርድ ልብስ አምጥቼ አለበስኳት።

ከሰዓት በኋላ፣ ድምጿ ተዘግቶ፣ እናቴ ሽማግሌዎቹን መረቀች።

"እግዜር ይስጣችሁ" አለች። "አንዲት ሰንበት ወንድሜን በነፍስ አቆያችሁልኝ።"

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ለእኔ ማንም አላቆየልኝም፤ ቀትር ላይ እንዲመጣ ያዘዝኩትም እኔው ነኝ። ልቅሶው አላቆም አለኝ። እናቴ ብርድ ልብሱን ገልጣ አጠገቧ አስገባችኝና ሴቶቹን ቀና ብላ አየች።

"ልጀን ተዉአት" አለች። "ገና አሁን መስማቷ ነው።"