እንደ ልጅ መሳሳትን ያስተማሩን መምህርት

ለሚያውቋቸው ሁሉ፤ መምህርት የዝብነሽ ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ቤታቸው አርፈው ባለፈው ሳምንት ቀብረናቸዋል። ስኳር ነበረባቸው። መድኃኒታቸው ከባሕር ዳር ነበር የሚመጣው፤ በግጭቱ መንገዱ ሲዘጋ እሱም ቀረ። ቡሬና ገጠር ያላችሁ ባልደረቦቻቸው ለቀብሩ መድረስ ስላልቻላችሁ፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው።

እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ሒሳብ ማስተማር ስጀምር የትምህርት ክፍላችን ተጠሪ እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራንን ሰብስበው ያለማምዱናል። አንዳችን ያስተምራል፤ የቀረነው ተማሪ እንሆናለን። ተማሪ የሆነ ደግሞ ልጆቹ የሚሳሳቱትን ስህተት መሳሳት ግዴታው ነው። በዚህ ሥራ እሳቸውን የሚስተካከል አልነበረም።

የመጀመሪያ ተራዬ ዕለት ከ42 ላይ 17 መቀነስን ሳስተምር፣ ጠባቧ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው «ሠላሳ አምስት» አሉኝ። ከሰባት ሁለት፣ ከአራት አንድ ቀንሰው ነው። «ስህተት» ብዬ ትክክለኛውን ጻፍኩ። እጃቸውን አወጡ፤ «መምህር፣ ሁልጊዜ ከትልቁ ትንሹን ቀንሱ ያሉን እርስዎ አይደሉም?» ባልደረቦቼ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ወደ ቤት ስንሄድ «አይዞህ ልጄ፤ እኔም ልጆቹን ብዙ ዘመን እንዲያ ብያቸዋለሁ። ልጅ ዝም ብሎ አይሳሳትም፤ እኛ ያልነውን ይዞ ነው የሚሳሳት» አሉኝ።

የሞተን ሰው ሁሉ ገር ማድረግ ልማዳችን ነው። እሳቸው ግን ቁጡ ነበሩ፤ ሳይዘጋጅ የመጣን መምህር ፊት ለፊት ያሳፍሩ ነበር። እኔንም አሳፍረውኛል፤ ደግ አደረጉ።

ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ተበተንን። ባልደረባችን እንድሪስ ወደ ቤተሰቡ የጨርቅ ሱቅ ገባ። አንድ ቀን መምህርት የዝብነሽ ሱቁ ድረስ ሄደው «ቅዳሜ የምታስተምረው አንተ ነህ» አሉት።

«እትዬ፣ ተማሪ በሌለበት ለማን ብለን?»

«ትምህርት ቤት ቢዘጋ ልጅ ማደጉን አይተውም። በሩ የተከፈተ ለት የሚያስተምራቸው እንዳያጡ ነው የምፈራ።»

ከዚያ ወዲያ ግቢያቸው ክፍላችን ሆነ።

በመጨረሻዋ ቅዳሜ የተሰበሰብነው አልጋቸው ዙሪያ ነበር። እንድሪስ አሥር አሥር አድርጎ ያሰራቸውን አራት የእንጨት እስሮች ከሁለት ነጠላ እንጨቶች ጋር ብርድ ልብሳቸው ላይ ደርድሮ ያንኑ ከ42 ላይ 17 የመቀነስ ትምህርት ጀመረ። በደከመ ድምፅ «ሠላሳ አምስት» አሉ። አላረማቸውም፤ «እስኪ ከዚህ ላይ ሰባት ይስጡኝ» አላቸው። ሁለቱን ነጠላ እንጨቶች አነሡ፤ አልበቃቸውም። ጥቂት አሰቡና አንዱን እስር ፈቱ። «ለካ እንዲህ ኖሯል!» አሉ። እንድሪስ ደጅ ወጥቶ አለቀሰ።

እትዬ የዝብነሽ፣ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አልተከፈተም። ከቀብርዎ በኋላ ተሰብስበን ነበር፤ እንደ እርስዎ መሳሳት የቻለ ስላልነበረ የተጠየቅነውን ሁሉ በትክክል መለስን፤ ከዚያም የምንሠራው ጠፋንና ተለያየን። አንድ ቀን ልጆቹ ይመለሳሉ። ከክፍላቸው በላይ አድገው፣ እርስዎም እንኳ ያላዩትን ስህተት ይዘው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚሳሳትልን የለም። ደህና ይረፉ፣ እናታችን።