ለባለቀለም መሪዎች የተዘጋጀ ስልጠና

ባለቀለም መሆኔን ያወቅኩት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ እዚህ ነጭ ያልሆነውን ሁሉ እንዲህ ይሉታል። እኛ ዘንድ ቀለም ይቆጠራል እንጂ ሰው ላይ አይለጠፍም ነበር። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፋውንዴሽን "ለባለቀለም የበጎ አድራጎት መሪዎች" ብሎ ስልጠና ሲጠራኝ ኢሜይሉን ደጋግሜ አነበብኩት። ነጮች የሚመሯቸው ድርጅቶች ብዙ ገንዘብ፣ እንደኔ ያሉት ደግሞ ጥቂት እንደሚያገኙ ደርሰውበታል። ልዩነቱን ለማጥበብም ቆርጠው ተነስተዋል። እኔ የዋህ፣ ገንዘብ ሊሰጡን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የኔ ድርጅት ማለት ከተማው ዳር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ውስጥ ከአንድ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የተከራየናት ክፍል፣ አንድ ያረጀ ቫንና ግማሽ ቀን የሚሠራ ሾፌር ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ አዛውንቶችን ሐኪም ቤት እናመላልሳለን፤ እኔ አብሬያቸው ገብቼ አስተረጉምላቸዋለሁ።

ስልጠናው ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር፣ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል በሆነ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አሰልጣኙ ወጣት ነጭ ነው። ችግራችን በራስ መተማመን ማጣት መሆኑን በትሕትና ነገረን። ከዚያ እጅ አጨባበጥ አለማመደን። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ገንዘብ ያጣሁት እጅ ስጨብጥ ስለማላላ ኖሯል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጥቁር አሜሪካዊት ልጆችን ንባብ የሚያስተምር ድርጅት ትመራለች። እንዲህ ዓይነት ስልጠና ብዙ ቦታ ወስዳለች። ምሳ ላይ ሰላጣዋን እያገላበጠች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ "ለእነሱ ገንዘብ ይሰጧቸዋል፣ ለእኛ ስልጠና" አለችኝ።

የስልጠናው መዝጊያ ደብሊን በሚባለው የኮሎምበስ ዳርቻ፣ ጡረታ የወጡ አንድ ባለሀብት ቤት የሚደረግ ግብዣ ነበር። እያንዳንዳችን "ታሪክ ያለው" ተረጂ ይዘን እንድንመጣ ታዘዝን። አሰልጣኙ ትንሽ እንባ ቢኖር እንደማይከፋ ፈገግ ብሎ ጠቆመኝ። እኔም ለኩላሊት እጥበት የምናመላልሳቸውን አንዲት የወሎ እናት ይዤ ሄድኩ። መኪና ውስጥ ስለ ሕመማቸውና ስለ ችግራቸው እንዲያወሩልኝ ለመንኳቸው። ሻሻቸውን እያስተካከሉ አዳመጡኝ።

ተራቸው ሲደርስ ቀጥ ብለው ቆሙ። መጀመሪያ ቤቱን መረቁ። ቀጥለው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የጎደለብኝ የለም" አሉ። በመጨረሻም የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ ቤታቸው ምሳ ጋበዙ።

እንግዶቹ ወደኔ ዞሩ። ከእኛ ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። "ጧሪ የለኝም፣ እርዱኝ" ብዬ ባስተረጉም ማንም አይነቃብኝም፤ አሰልጣኙም ከጥግ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል። ግን ሴትዮዋ አጠገቤ ቆመዋል። ሐኪም ፊት የሚያምኑትም ይህንኑ አንደበቴን ነው። ያሉትን እንዳሉት፣ ከነምሳው አስተረጎምኩ። ሰዎቹ በጨዋነት አጨበጨቡ።

ስንመለስ፣ "እትዬ፣ ምናለ ችግርዎን ቢነግሩልኝ?" አልኳቸው።

"ገመናዬን ተሸክሜ ሰው ቤት ልሂድ? አንቺም በኔ ስም እንዳትለምኚ፣ ልጄ" አሉኝ።

ተናድጄ ነበር፤ የተናደድኩት ግን በእሳቸው አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ ባለሀብቱ ስደተኛ አዛውንቶችን እንዲያገለግል ብለው ለአንድ ትልቅ ድርጅት ገንዘብ መስጠታቸውን ሰማሁ። ብዙም ሳይቆይ የድርጅቱ ኃላፊ ደወለችልኝ። አዛውንቶቹን የት እንደሚያገኟቸው አያውቁም፤ አማርኛ የሚችል ሰውም የላቸውም። በነጻ ባግዛቸው ለድርጅቴ ጥሩ ልምድ ይሆነዋል አለችኝ። ላሰበችልኝ ልምድ አመስግኜ እምቢ አልኳት።

ለዚያች ንባብ ለምታስተምረው ሴት ደውዬ ይህንን ስነግራት ሳቀች። "በቀጥታ ለሰውየው ደውዪላቸው፤ ስልካቸው አለኝ" አለችኝ። አሰልጣኙ ያን ሁሉ ቀን ሲያስተምረን ይህችን ቁጥር ረስቷታል።

ሰውየው በትሕትና አነጋገሩኝ። ሴትዮዋ ምንም አልጎደለብኝም ስላሉ ገንዘብ የምንፈልግ አልመሰላቸውም ነበር።

"ያልጎደለባቸው እኮ እኛ ስለምናመላልሳቸው ነው" አልኳቸው። "ቫኑ የቆመ ቀን ሕክምናቸው ይቀራል።"

 መጥተው ማየት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነትም መጡ፤ ቫኑ ኋላ ወንበር ላይ፣ ስለ ደም ግፊታቸው በአማርኛ በሚከራከሩ ሽማግሌዎች መሃል ተጣበው እስከ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሲወርዱ የሾፌሩን የሙሉ ቀን ደሞዝ ለአንድ ዓመት ሊከፍሉ ተስማሙ። ፋውንዴሽኑም የስልጠናው ፍሬ ነች ብሎ ፎቶዬን ሪፖርቱ ላይ አወጣው።

ከዚያ ወዲህ እኔና ያቺ ንባብ የምታስተምር ሴት አንድ ላይ ሆነን ለሌላ ፋውንዴሽን አመልክተን ነበር። ሐሳባችንን በጣም እንደወደዱት ጽፈው ሳይሰጡን ቀሩ። ምክንያታቸው ትንንሽ ድርጅቶች መሆናችን ነው፤ ስናድግ እንድንመለስ መክረውናል። በምን እንደምናድግ አልጻፉም። አሁን አርብ አርብ እኔ ክፍል እየመጣች አዲስ ማመልከቻ እንጽፋለን። እሷ እንግሊዝኛዬን ታቃናልኛለች፣ እኔ ደግሞ ንዴቷን አለዝብላታለሁ።