ከባሕር የሚወጣው ሰው

የአሰቡ ባሕር ጠላቂ ፈቃድ ባገኘ ቁጥር ኮምቦልቻ ላይ ከመኪና ይወርድና ጣይባ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ይደላደላል። ካኪው በጨው ነጥቷል፤ ሻዩን ፉት የሚለው ጊዜ እንደተረፈው ሰው ነው። እናቱ ያሉት ደሴ ነው፤ እሱ ግን ኮምቦልቻ ሳያድር ዳገቱን አይወጣም።

«እናት እየጠበቀች እዚህ ማደር ምን የሚሉት ነው? ወላሂ ታስገርማለህ!» አለችው ባለ ሻይ ቤቷ ጣይባ።

ፈገግ አለ። «ከጥልቅ ባሕር ለመውጣት ሁለት የሰዓት ስሌት አለ። አንዱ ያጣድፋል፣ ሌላው እያሳረፈ ያወጣል። ጠላቂ ወደ ደጋም ቢሆን በጥድፊያ ከወጣ ደሙ ውስጥ የቀረው አየር ይጥለዋል። ጓደኛዬ የሚያጣድፈውን መረጠ፤ ቤቱ የገባው ሰው ተሸክሞት ነው። እኔ እናቴ ቤት በእግሬ መግባት እፈልጋለሁ።»

ጣይባ ብርጭቆውን ሞላችለት። የደሴው አውቶቡስ ረዳት «ና ግባ!» ብሎ ሲጣራ ግን እሷ ቀድማ መለሰች፦

«ሂዱ እናንተ! እሱ ገና ከባሕር እየወጣ ነው።»